የስኳር ሕመም አስተማሪ ባለሙያን ማግኘትና በአግባቡ መጠቀም፦ በጎጃም ለሚኖሩ ታካሚዎችና አስታማሚዎች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ከሐኪሙ ፊት የሚቀመጥበት ጊዜ በዓመት ተደምሮ ከጥቂት ሰዓታት አይበልጥም። በቀረው ጊዜ ሁሉ ምን ያህል እንጀራ እንደሚበላ፣ የኢንሱሊን መርፌውን መቼና የት እንደሚወጋ፣ እርሻ ውሎ ሲመለስ ሰውነቱ ቢንቀጠቀጥ ምን እንደሚያደርግ፣ ጾም ሲገባ መድኃኒቱን እንዴት እንደሚወስድ የሚወስነው ራሱ ታካሚው ወይም አስታማሚው ነው። ይህን የዕለት ውሳኔ በእውቀት እንዲወስድ ታካሚውን ማሠልጠን ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ሥራውን የሚሠራውም የስኳር ሕመም አስተማሪ ባለሙያ ይባላል። በአንዳንድ አገሮች ለዚህ ሙያ የተለየ ፈተናና ፈቃድ አለ። በእኛ አካባቢ ግን ሥራውን በአብዛኛው የሚያከናውኑት በሆስፒታልና በጤና ጣቢያ የክትትል ክፍል የሚሠሩ ነርሶች፣ የጤና መኮንኖችና ፋርማሲስቶች ናቸው። ስለዚህ «የስኳር አስተማሪ» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት በር ቢያጡ አገልግሎቱ የለም ብለው አይመለሱ፤ የስኳር ክትትል ክፍሉን ነርስ ይጠይቁ።

ይህ መመሪያ ባለሙያውን እንዴት እንደሚያገኙ፣ ምን ይዘው እንደሚሄዱ፣ ከፊቱ ሲቀመጡ ምን እንደሚጠይቁና ምን እንደሚማሩ በቅደም ተከተል ያስረዳል። የመድኃኒት መጠን የሚቀየረው በሐኪም ወይም ሐኪም በፈቀደለት ባለሙያ ብቻ ስለሆነ ከዚህ ጽሑፍ ተነስተው የመርፌም ሆነ የክኒን መጠን እንዳይቀንሱ ወይም እንዳይጨምሩ አሳስባለሁ።

መቼ መሄድ ያስፈልጋል?

ብዙ ሰው ትምህርቱን ሕመሙ በታወቀበት ቀን አንድ ጊዜ ይሰማና ከዚያ በኋላ የተማረ አድርጎ ራሱን ይቆጥራል። በዚያ ቀን ግን ድንጋጤው ገና ስላልበረደ ከሚነገረው አብዛኛው ጆሮ ላይ ይቀራል። በሙያው የታወቀው አሠራር ታካሚው ቢያንስ በአራት ጊዜያት ከአስተማሪ ባለሙያ ጋር እንዲቀመጥ ይመክራል፤ እነርሱም ሕመሙ አዲስ ሲታወቅ፣ በየዓመቱ ወይም የስኳሩ መጠን ከታሰበው ግብ ሲያልፍ፣ አዲስ ችግር ሲደርስ፣ እንዲሁም የኑሮ ወይም የሕክምና ለውጥ ሲመጣ ናቸው። አዲስ ችግር የሚባለው ለምሳሌ የእግር መደንዘዝ፣ የዓይን ብዥታ፣ የኩላሊት መታወክ ወይም እርግዝና ነው። ለውጥ የሚባለው ደግሞ ከክኒን ወደ መርፌ መሸጋገር፣ ከሆስፒታል መውጣት፣ ሲያስታምም የነበረ ልጅ ለትምህርት ወደ ሌላ ከተማ መሄዱ ወይም ታካሚው ራሱ ከገጠር ወደ ከተማ መዛወሩ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ከክኒን ወደ መርፌ የሚደረገው ሽግግር ያለ ትምህርት ሊታለፍ አይገባም ባይ ነኝ። መርፌውን ከፋርማሲ ተቀብሎ በደጅ ያገኘው ሰው አሳይቶት ብቻ ወደ ቤቱ የሚመለስ ታካሚ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውስጥ ወይ ስኳሩ ወርዶ ይወድቃል፣ ወይ መርፌው አልሠራልኝም ብሎ ይተወዋል።

የት መሄድ እንዳለብዎትና የሪፈር ጉዳይ

መነሻው በአቅራቢያዎ ያለው ጤና ጣቢያ ነው። በባሕር ዳር የፈለገ ሕይወትና የጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች፣ በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በእንጅባራና በሞጣ ያሉ ሆስፒታሎች ታካሚ ይቀበላሉ፤ ሆኖም የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል ከሆኑ መጀመሪያ ከጤና ጣቢያዎ የሪፈር ወረቀት መያዝ ይኖርብዎታል። ያለ ሪፈር በቀጥታ ወደ ሆስፒታል የሄደ አባል ወጪውን ከኪሱ እንዲከፍል ሊደረግ ይችላል። የመድኅን መታወቂያዎ የዓመቱ መታደሱንም ከመነሳትዎ በፊት ያረጋግጡ፤ ካርድ ክፍል ደርሶ «አልታደሰም» መባል ከገጠር ለመጣ ሰው ሙሉ ቀን ማባከን ነው።

ብዙ ሆስፒታሎች የስኳር ክትትል የሚያደርጉባቸው የተወሰኑ የሳምንት ቀናት አሏቸው። ቀኑን አስቀድመው ቢያጣሩ፣ ከተቻለም ለነርሷ «ለትምህርት ብቻ የምቀመጥበት ሌላ ሰዓት ይኖር ይሆን?» ብለው ቢጠይቁ ይጠቅማል። ጠዋት ተራ በሚጠበቅበት ወንበር ላይ በጅምላ የሚሰጠው የጤና ትምህርት ጥሩ ቢሆንም የእርስዎን ቤትና የእርስዎን መርፌ አያውቅም። ከሰዓት በኋላ ሰው ሲቀንስ ሃያ ደቂቃ ለብቻ መቀመጥ ከዚያ የበለጠ ዋጋ አለው።

ጤና ጣቢያዎ ትንሽ ከሆነና በስኳር ላይ የሠለጠነ ባለሙያ ከሌለው ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ችላ አይበሉ። እርሷ መድኃኒት ባታዝም እንኳ ቤትዎን ታውቃለች፤ የእግር አጠባበቅን፣ የንጽሕናንና የቀጠሮ ክትትልን በተመለከተ ከማንም በተሻለ ልትረዳዎት ትችላለች።

ከቀጠሮው በፊት ያለውን ሳምንት መጠቀም

አስተማሪው ሊረዳዎት የሚችለው ይዘውለት በሄዱት መረጃ ልክ ነው። ስለዚህ ከቀጠሮው ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀደም ብለው የልጅ ደብተር አንድ ያዘጋጁና ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የስኳር ልኬቱን፣ የተበላውንና የተጠጣውን፣ የተወሰደውን መድኃኒትና የዕለቱን ልዩ ነገር ይጻፉ። ማንበብና መጻፍ ካልቻሉ ልጅ ወይም ጎረቤት ይጻፍልዎት። ጽሑፉ ረጅም መሆን አያስፈልገውም፤ «ማክሰኞ፣ ጠዋት 1 ሰዓት፣ 212፤ ትናንት ማታ ሠርግ ነበር፣ ሁለት ጣሳ ጠላ፤ መርፌ ተወግቷል» የሚል አንድ መስመር ለባለሙያው ብዙ ይነግረዋል። እዚህ ላይ 212 ብቻውን ቢጻፍ ኖሮ ባለሙያው መርፌው አነሰ ብሎ ሊያስብ ይችል ነበር፤ ሠርጉ ሲጨመርበት ግን ነገሩ ሌላ ይሆናል።

ስትሪፕ (ደም የሚነካበትና መለኪያ መሣሪያው ውስጥ የሚገባው ቁራጭ) ውድ እንደሆነና ሁልጊዜም እንደማይገኝ የታወቀ ነው። በሳምንት ስድስት ወይም ስምንት ስትሪፕ ብቻ ካለዎት ሁሉንም ጠዋት ጠዋት አይጨርሱት። ሁለቱን ጠዋት ምግብ ሳይቀምሱ፣ ሁለቱን ከእራት በፊት፣ የቀሩትን ደግሞ ምሳ መብላት ከጀመሩ ከሁለት ሰዓት በኋላ ቢያደርጓቸው ባለሙያው ስኳርዎ የሚወጣበትን የቀኑን ክፍል ለይቶ ያያል። ከመለካትዎ በፊት እጅዎን በውኃና በሳሙና ታጥበው በደንብ ያድርቁ፤ ማር ወይም ሙዝ የነካ ጣት ውጤቱን ሐሰተኛ ያደርገዋል። ደሙን ከጣት ጫፍ መሐል ሳይሆን ከጎኑ ይውሰዱ፤ ሕመሙ ያነሰ ነው። መሣሪያዎ እንደ 7 ወይም 11 ያለ ትንሽ ቁጥር የሚያሳይ ከሆነ በሌላ መለኪያ የተሠራ ነውና አይደንግጡ፤ ቁጥሩን በ18 ሲያባዙት እኛ ወደምናውቀው መለኪያ (ሚሊግራም በዴሲሊትር) ይመጣል፤ 7 ማለት 126 ነው።

በቀጠሮው ቀን ደብተሩን፣ የስኳር መለኪያ መሣሪያዎን፣ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ከነማሸጊያቸው፣ የኢንሱሊን ብልቃጥዎንና የሚጠቀሙበትን ስሪንጅ በአንድ ከረጢት ይዘው ይሂዱ። የግፊት፣ የአስም ወይም የሌላ ሕመም መድኃኒት ካለም ከረጢቱ ውስጥ ይግባ። የሚጠጡት የባህል መድኃኒት፣ ለምሳሌ የአብሽ ውኃ፣ ሽፈራው ወይም ጥቁር አዝሙድ ካለ ሳያፍሩ ይናገሩ። ከተቻለም እንጀራውን የምትጋግረው፣ ወጡን የምትሠራው ሰው አብራዎት ብትሄድ ይመረጣል፤ ምግብ የሚለወጠው ከታካሚው አፍ ሳይሆን ከማድ ቤት ጀምሮ ስለሆነ ነው።

ከባለሙያው ፊት ሲቀመጡ

በመጀመሪያው ደቂቃ ይበልጥ ያስቸገረዎትን አንድ ነገር ይናገሩ። «ሌሊት ላብ ያጠምቀኛል»፣ «መርፌውን ልጄ ካልወጋኝ አልችልም»፣ «መድኃኒቱ ሲያልቅ ለሁለት ሳምንት ያህል እቆያለሁ» ማለት ይቻላል። ባለሙያው ስለ ስኳር ሕመም ምንነት ከመነሻው ሊጀምር ሲል በትሕትና ወደ ጉዳይዎ ይመልሱት፤ ጊዜው አጭር ነው።

ሁለተኛው ነገር እውነቱን መናገር ነው። በእኛ ዘንድ ታካሚ ሐኪምን ላለማስቀየም ብሎ «አዎ ዶክተር፣ ሁሉንም እወስዳለሁ» ማለቱ የተለመደ ነው። መርፌ የዘለለ ሰው ሁሉንም ወስጃለሁ ካለ ግን ባለሙያው መጠኑ አንሷል ብሎ ለሐኪሙ ያሳውቃል፤ መጠኑም ይጨመራል። ታካሚው በማግስቱ ሙሉውን የተጨመረውን መጠን ሲወስድ ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። ጨዋነት ሕይወትን አደጋ ላይ የሚጥልበት ቦታ ይህ ነው። ባለሙያው ቢቆጣዎት እንኳ፣ መቆጣት ባይገባውም፣ ያልወሰዱትን አልወሰድኩም ይበሉ።

ሦስተኛው፣ የተነገረዎትን በራስዎ አንደበት መልሰው ይንገሩት። «እንግዲህ ሲስተር፣ እንዲህ ነው ያልሽኝ» ብለው ደግመው ሲናገሩ የተዛባው ነገር ወዲያው ይታረማል። ሰዓት ሲነገርዎትም በእኛ አቆጣጠር መሆኑን ያረጋግጡ። በማሸጊያ ላይ በፈረንጅ ቁጥር የተጻፈ 8 ለእኛ ጠዋት 2 ሰዓት ነው፤ ይህን ያላጣራ ሰው መድኃኒቱን ከተባለው ሰዓት አርቆ ሊወስድ ይችላል።

ስለ ግብ ቁጥሮችም ይጠይቁ። ለአብዛኞቹ አዋቂ ታካሚዎች ምግብ ሳይቀምሱ የሚለካው ስኳር ከ80 እስከ 130፣ ምግብ ከጀመሩ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት በኋላ የሚለካው ከ180 በታች ቢሆን ይመረጣል። ያለፉትን ሁለትና ሦስት ወራት አማካይ የሚያሳየው የኤችቢኤዋንሲ ምርመራ ደግሞ ከ7 በመቶ በታች እንዲሆን ይፈለጋል። ይሁን እንጂ በዕድሜ ለገፉ፣ ብቻቸውን ለሚኖሩ ወይም ስኳራቸው ቶሎ ቶሎ ለሚወርድ ሰዎች ግቡ ላላ ይደረጋል፤ ለነፍሰ ጡር ደግሞ ይጠብቃል። ስለዚህ የጎረቤትዎን ቁጥር የራስዎ አድርገው አይያዙ፤ የእርስዎ ግብ በካርድዎ ወይም በደብተርዎ ላይ እንዲጻፍ ይጠይቁ።

መርፌውን በእጅዎ ሠርተው ያሳዩ

መርፌ የሚወስዱ ከሆነ ይህ ክፍል ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል። «እችላለሁ» ማለት በቂ አይደለም፤ ከባለሙያው ፊት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ራስዎ ሠርተው ያሳዩ። ለዓመታት የወጉ ሰዎች እንኳ በዚህ ጊዜ ስሕተት ይገኝባቸዋል።

እጅዎን ታጥበው ደመናማውን ኢንሱሊን በሁለት መዳፍዎ መካከል በቀስታ አሥር ጊዜ ያህል ያሽከርክሩት፤ እንደ እርጎ አይናጥም፣ አረፋ ይሠራልና። ወተት መስሎ አንድ ዓይነት ካልሆነ፣ ከተቋጠረ ወይም ብልቃጡ ላይ ከተጣበቀ አይጠቀሙበት። ውኃ መስሎ ጥርት ያለው ዓይነት ደግሞ ደፍርሶ ከታየ ይጣላል። በስሪንጁ የሚወስዱትን መጠን ያህል አየር ስበው ወደ ብልቃጡ ያስገቡ፣ ብልቃጡን ገልብጠው መጠኑን ይሳቡ፣ የአየር አረፋ ካለ መልሰው ያስወጡ። ሁለት ዓይነት እንዲቀላቅሉ ከታዘዙ ጥርት ያለው ይቀድማል፣ ደመናማው ይከተላል። በስሪንጁ ላይ ያለው የዩኒት ልክ በብልቃጡ ላይ ከተጻፈው ጋር አንድ መሆኑን፣ ለምሳሌ ብልቃጡ 100 የሚል ከሆነ ስሪንጁም 100 የሚል መሆኑን፣ ባለሙያው እንዲያይልዎ ይጠይቁ። ይህ ልዩነት ትንሽ ይመስላል እንጂ መጠኑን ከእጥፍ በላይ ሊያዛባው ይችላል።

የሚወጋበት ቦታ ሆድ፣ ጭን፣ የክንድ የላይኛው ውጫዊ ክፍልና መቀመጫ ነው። ከእምብርት ዙሪያ ወደ ሁለት ጣት ስፋት ራቅ ይበሉ። በየቀኑ ካለፈው ቀን ቦታ ጣት ያህል እየራቁ ይዙሩ። አንዱን ቦታ ሳያሳምም ስለተላመደ ብቻ ደጋግሞ መውጋት እብጠት የመሰለ ጠንካራ ስብ ይፈጥራል፤ በዚያ ላይ የተወጋ ኢንሱሊን ወደ ደም በትክክል አይገባም። ብዙ ጊዜ «መርፌው አቆመብኝ» የሚባለው ከዚህ የተነሣ ነው። ባለሙያው ሆድዎንና ጭንዎን በእጁ ዳብሶ እንዲያይ ይፍቀዱለት። ወግተው ሲጨርሱ መርፌውን ቶሎ አይንቀሉት፤ በልብዎ እስከ አሥር ይቁጠሩ። ያገለገለውን መርፌ ወፍራም ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከተው ሲሞላ ወደ ጤና ተቋሙ ይመልሱ፤ ልጆች የሚጫወቱበት ጓሮ ወይም ፍግ ላይ አይጣል።

ስለ አቀማመጥም ይማሩ። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሽየስ ባለ ማቀዝቀዣ ይቀመጣል፤ በረዶ ከሠራ ግን ተበላሽቷል፣ ቢቀልጥም አይመለስም። የተከፈተው ብልቃጥ ፀሐይና እሳት በማይደርስበት ቀዝቃዛ ቦታ ወደ አራት ሳምንት ያህል ያገለግላል፤ የተከፈተበትን ቀን በላዩ ይጻፉበት። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ብልቃጡን ውኃ በማያስገባ ፕላስቲክ ጠቅልሎ፣ በሸክላ ማሰሮ ውስጥ አድርጎ፣ ማሰሮውን ሁልጊዜ በሚረጥብ አሸዋ ወይም በትልቅ ሸክላ ውስጥ ጥላ ሥር ማስቀመጥ የታወቀ ዘዴ ነው። በደጋው በኩል ለምሳሌ በጮቄ አካባቢ የክፍሉ ቅዝቃዜ ራሱ ይበቃል። በዓባይ በረሃ ለሚያልፍ መንገደኛ ግን ብልቃጡን በአውቶብሱ ጣሪያ በተጫነ ሻንጣ ወይም በመስታወት ሥር መተው ማበላሸት ነው፤ ከእጅ በማይለይ ቦርሳ ይያዝ። የማገዶ እሳት ካለበት ማድ ቤት መደርደሪያ ላይም አይቀመጥ።

ምግብን በራስዎ ገበታ ልክ መማር

በምግብ ላይ የሚሰጥ ትምህርት ብዙውን ጊዜ ከፈረንጅ ሳህን የተቀዳ ስለሚሆን ለእኛ አይመችም። ትምህርቱ የሚለው ግማሹ አትክልት፣ ሩቡ እንደ ምስር፣ ባቄላ፣ ዕንቁላልና ሥጋ ያለ ገንቢ ምግብ፣ ሩቡ ደግሞ እህል ይሁን ነው። እኛ ግን ከአንድ ትሪ አብረን ነው የምንበላው፤ እንጀራው ከታች ተነጥፎ ሌላም ከላይ ይጨመራል፣ ጉርሻም አለ። ስለዚህ ባለሙያውን «ከትሪ ስበላ የእኔን ድርሻ እንዴት ልወቅ?» ብለው ይጠይቁት። በኔ እይታ የሚሠራው ዘዴ ድርሻን ከመጀመሪያው ለይቶ ማስቀመጥ ነው፤ ለምሳሌ ከአንድ እንጀራ የተወሰነውን ጠቅልሎ ከፊት አስቀምጦ፣ ጎመኑንና ሌላውን ቅጠላ ቅጠል አብዝቶ፣ ያ ሲያልቅ ማቆም ነው። ድርሻው ምን ያህል ይሁን የሚለው በሰውነትዎ ክብደት፣ በሥራዎና በመድኃኒትዎ ይወሰናል፤ ቀኑን ሙሉ የሚያርስና ቢሮ የሚውል ሰው እኩል አይበሉም።

በአካባቢያችን የተለመዱ ሦስት አባባሎች ለባለሙያው መነገር ያለባቸው ይመስለኛል። አንደኛው ጥቁር ጤፍና ዳጉሳ ስኳር አያወጡም የሚለው ነው። ሁለቱም ጥሩ እህል ናቸው፣ ነገር ግን በውስጣቸው ያለው ስታርች ወደ ስኳር ይለወጣል፤ ብዛታቸው እንደ ማንኛውም እህል ይቆጠራል። ሁለተኛው የጎጃም ማር ንጹሕ ስለሆነ የስኳር ሕመምተኛ አይጎዳም የሚለው ነው። ንጹሕ መሆኑ እውነት ነው፤ ንጹሕ ማር ግን አብዛኛው ክፍሉ ስኳር ነው። ሦስተኛው አረቄ ስኳርን ያቃጥላል የሚለው ሲሆን ከሦስቱም አደገኛው እርሱ ነው። አረቄ ጉበት ለሰውነት ስኳር የሚለቅበትን ሥራ ያግዳል፤ መርፌ ወግቶ ወይም ግሊቤንክላሚድ የተባለውን የስኳር ክኒን ውጦ በባዶ ሆድ አረቄ የጠጣ ሰው ሌሊት ስኳሩ ወርዶ ሊገኝ ይችላል፣ ያዩት ሰዎችም ሰክሯል ብለው ይተዉታል።

በሶ በስኳር ወይም በማር ካልተበጠበጠ፣ ቆሎም በእፍኝ ከተለካ ችግር የለባቸውም። ለስላሳ መጠጥና በስኳር የተቀቀለ አጥሚት ግን ስኳር ለወረደበት ሰዓት ካልሆነ በቀር ይተዉ።

ስለ ጾም መነጋገር

ይህ ርዕስ ከክትትል ክፍሉ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሳይነሣ ይታለፋል፤ ታካሚው ይከለክሉኛል ብሎ ይሸሽገዋል፣ ባለሙያውም አይጠይቅም። ሒሳቡን ግን እንዲህ ይዩት። ደመናማው ኢንሱሊን ኃይሉ የሚበረታው ከተወጋ ከአራት እስከ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የወጋ ሰው ኢንሱሊኑ የሚበረታበት ከቀኑ 5 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ገደማ ነው። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ከሆነ መድኃኒቱ በበረታበት ሰዓት ሆዱ ባዶ ነው ማለት ነው። በዐቢይ ጾም ከቅዳሴ ሲወጡ የሚያዞራቸውና የሚወድቁ ታካሚዎች ጉዳይ ከዚህ ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ጾም ከመግባቱ ከሁለት ሦስት ሳምንት በፊት ቀጠሮ ይያዙና ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ለእኔ መጾም ይቻላል ወይ፤ ከተቻለ እስከ ስንት ሰዓትና በየትኛው መድኃኒት ሰዓትና መጠን፤ ስኳሬ ስንት ሲሆን ጾሙን ልፍታ። ከንስሐ አባትዎ ጋርም ይነጋገሩ፤ ቤተ ክርስቲያን ለሕሙማን ቀኖና ታቀላለች። በረመዳን የሚጾሙ ሙስሊም ታካሚዎችም ይህንኑ ንግግር ከረመዳን በፊት ማድረግ ይገባቸዋል፤ ኢስላምም ለታመመ ሰው ፈቅዷል። የጾሙ ምግብ ራሱ፣ ሽሮውና ምስሩ፣ ለስኳር ሕመምተኛ መልካም ነው፤ የሚጎዳው ሰዓቱና በጾም ምግብ ስም የሚበዛው ዳቦ፣ ድንችና ፓስታ ነው።

ጸበልን በተመለከተ የምለው አጭር ነው። ጸበል መጠመቅና መጠጣት መድኃኒትን አያስቆምም። በተለይ በልጅነት ወይም በወጣትነት የሚጀምረው፣ በመርፌ ብቻ የሚታከመው ዓይነት ያለበት ሰው ኢንሱሊኑን ካቆመ በቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ለሱባኤ ሲሄዱ መርፌውን ይዘው ይሂዱ፣ ለባለሙያውም ስንት ቀን እንደሚቆዩ ይንገሩ።

ስኳር ሲወርድና ሲወጣ የሚደረገው

ከመመለስዎ በፊት ይህን በቃል ተምረው ይውጡ፣ አብሮዎት የሄደውም ሰው ይማር። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ድንገተኛ ርኃብ፣ ንዴት ወይም ግራ መጋባት ሲመጣ፣ ወይም ልኬቱ ከ70 በታች ሲሆን፣ ከሦስት እስከ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ይጠጡ፣ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ለስላሳ መጠጥ ይውሰዱ። አሥራ አምስት ደቂቃ ቆይተው ይለኩ፤ ካልተስተካከለ ይድገሙት፤ ሲስተካከል ምግብ ይብሉ። እንጀራ በወጥ ለዚህ ሰዓት ቶሎ አይደርስም። ታካሚው ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አይደረግለትም፤ በጎኑ አስተኝቶ ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ነው። ለእርሻ፣ ለገበያ ወይም ለለቅሶ ሲወጡ ስኳር በኪስዎ ይኑር።

በተቃራኒው ስኳሩ በጣም ወጥቶ ማስመለስ፣ የሆድ ሕመም፣ ጥልቅና ፈጣን አተነፋፈስ ወይም ፍራፍሬ የመሰለ የአፍ ሽታ ከታየ በቤት አይቆይም። «ምግብ አልበላሁምና መርፌ አልወጋም» የሚለው ውሳኔ እዚህ ብዙ ሰው ጎድቷል፤ በሕመም ቀን መጠኑ እንዴት እንደሚሆን አስቀድመው ጠይቀው ያስጽፉ።

እግርዎን አውልቀው ያሳዩ

ጫማና ካልሲ ማውለቅ ስለሚያሳፍር ብዙ ሰው እግሩን ሳያሳይ ይወጣል። በስኳር የደነዘዘ እግር እሾህ ወይም ጠጠር ሲወጋው አይሰማም፤ ቁስሉ የሚታወቀው ከሸተተ በኋላ ይሆናል። ባለሙያው በቀጭን የናይሎን ክር እግርዎን እየነካ ስሜትዎን እንዲፈትሽ ይጠይቁ፤ መሣሪያው ከሌለም በጣት በመንካት የሚደረግ ቀላል ምርመራ አለ። ጎጃም ዝሆኔ በብዛት ከሚታይባቸው አካባቢዎች አንዱ ስለሆነ የእግር እብጠት ያለበት ሰው ሁለቱንም ጉዳይ በአንድ ላይ ያንሣ። በየማታው ለብ ባለ ውኃ ታጥቦ፣ በጣቶች መካከል አድርቆ፣ የእግርን ሥር በመስታወት ወይም በቤተሰብ ዓይን መመልከት ያስፈልጋል። የደነዘዘ እግር በእሳት አይሞቅም፤ ባዶ እግርም በጓሮ ቢሆን አይኬድም።

ከቀጠሮው በኋላ

ከተማሩት ሁሉ አንድ ወይም ሁለት ለውጥ ብቻ መርጠው ይጀምሩ፤ ለምሳሌ የመርፌውን ቦታ ማዘዋወርና የእራትን እንጀራ መቀነስ። ውጤቱን በደብተሩ ይያዙና ከሁለት ሳምንት እስከ አንድ ወር ባለው ጊዜ መልሰው ያሳዩ። የተለወጠ ነገር ከሌለ ባለሙያውን መውቀስም ሆነ ራስን መውቀስ ትርጉም የለውም፤ ደብተሩ የቱ ላይ እንዳልሠራ ይናገራል።

መንገድ በሚዘጋበትና መጓጓዣ በሚቋረጥበት ጊዜ ምን እንደሚያደርጉም ከመለያየታችሁ በፊት ተነጋገሩ። የሚቀጥለው ቀጠሮ እስኪደርስ ከሚበቃው በላይ መድኃኒት ማግኘት ይቻል እንደሆነ፣ ኢንሱሊን የሚገኝበት ሌላ ቅርብ ጤና ተቋም የትኛው እንደሆነ፣ የክትትል ክፍሉ ስልክ ስንት እንደሆነ ይጠይቁና በደብተሩ ሽፋን ላይ ያስጽፉ። እዚያው ላይ በዓመት አንድ ጊዜ የሚደረጉት የዓይን፣ የኩላሊትና የእግር ምርመራዎች ለመጨረሻ ጊዜ የተደረጉበት ቀን ይጻፍ፤ ቦታው ባዶ ከሆነ ለሚቀጥለው ቀጠሮ የመጀመሪያው ጥያቄዎ እርሱ ይሁን።